«የት ነሽ?» ሲበዛ «እንዴት ነሽ?» ይጠፋል

 

ይህን ጽሑፍ እንድንጽፍ ያነሣሣን አንድ የዶርማችን ልጅ ነው። ስሙንም፣ ባቹንም፣ የባለቤቱንም አገር አንጠራም። እሱ ራሱ «ጻፉት፣ ለሌላው ትምህርት ይሁን፤ ብቻ እኔ መሆኔ እንዳይታወቅ» ብሎ ፈቅዶልናል። እሷም ጽሑፉን በስልክ አንብባ ሁለት ቦታ አርማናለች። አላህ ይጨምርላቸው።

ይህ ወንድማችን ባለፈው ክረምት ኒካሕ አሰረ። ወሊይዋ ተገኝተው፣ መህሩ ተወስኖ፣ ሁለቱ ቤተሰቦች ተመራርቀው። ሠርጉ ግን «ሁለታችሁም ተመርቃችሁ ሥራ ስትይዙ» ተብሎ ለሁለት ዓመት ተቆየ። እሷ በሌላ ከተማ፣ በሌላ ዩኒቨርሲቲ ትማራለች። እኛ ሴሚስተሩ ሲጀመር ገና ከነሻንጣው ሲገባ «ማሻአላህ፣ አንተስ ተገላገልክ!» አልነው። እውነቱን ለመናገር ቀንተናል።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በዓይናችን አየን። ሱብሒ ላይ ደውሎ ይቀሰቅሳታል። ክላስ ስትገባ መልእክት፣ ስትወጣ መልእክት። ካፌ ተሰልፎ ይደውላል፤ ላይብረሪ ውስጥ ስልኩን በየአምስት ደቂቃው እያበራ «ላስት ሲኗን» ያያል። «ሦስት ሰዓት ከሃያ ኦንላይን ነበረች፤ ለኔ ግን አልመለሰችም» ይለናል። መጀመሪያ ላይ እሷም ደስ ብሏት ነበር፤ ለጓደኞቿ «እንዲህ የሚያስብልኝ አለ» ትል እንደነበር ነግራናለች። በሦስተኛው ወር ግን መልሶቿ አጠሩ። «አለሁ»፣ «ክላስ ነኝ»፣ «ደክሞኛል»። መልሶቿ ባጠሩ ቁጥር የሱ ጥያቄ ረዘመ።

አንድ ረቡዕ ቀን ስልኳ ተዘጋ። ሐሙስም እንደተዘጋ ዋለ። ወንድማችን ዓርብ ጠዋት ሚድ ፈተና ነበረው። ፈተናውን ትቶ፣ ለማንም ሳይናገር፣ ለሊት አሥራ አንድ ሰዓት መናኸሪያ ሄዶ አውቶቡስ ተሳፈረ። ወደ ማታ የግቢዋ በር ላይ ደርሶ በጥበቃ አስጠራት። እሷ በክፍል ጓደኞቿ ፊት፣ ሰው እያየ፣ «ለምን ዘጋሽ? ከማን ጋር ነበርሽ?» ተብላ ተጠየቀች።

አያቷ ከታመሙ ሦስተኛ ሳምንታቸው ነበር። ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። ረቡዕ ዕለት ወደ ሆስፒታል ሲወሰዱ ሰምታ፣ ስልኳን ዘግታ፣ ዶርሟ ውስጥ ተሸፍና ስታለቅስ ነው የሰነበተችው። ለምን እንዳልነገረችው ሲጠይቃት የመለሰችለትን እስከ ዛሬ አልረሳውም ይላል፦ «ብነግርህ በቀን አሥር ጊዜ የምትደውለው ሃያ ጊዜ ትደውላለህ። ማልቀሻ ጊዜ አጣለሁ ብዬ ፈራሁ።»

ወንድማችን ስንት ሰዓት እንደተኛች፣ ስንት ሰዓት እንደነቃች፣ የትኛው ክላስ ውስጥ እንዳለች ያውቅ ነበር። ሦስት ሳምንት ሙሉ ልቧ እንደተሰበረ ግን አያውቅም ነበር።

እኛ ስለዚህ ጉዳይ በዶርማችን ብዙ ተነጋገርን። እሱን ብቻ ለመውቀስ አፋችን አልደፈረም፤ እያንዳንዳችን ውስጥ ከሱ ጥቂት ጥቂት እንዳለ አየን። ስለዚህ ይህን ጉዳይ በጀመዓችን ፊት ማንሣት ተገቢ ነው ብለን አመንን።

በግቢያችን ስለ ኒካሕ ብዙ ይነገራል። ደርሶች አሉ፤ ፖስተሮች ይለጠፋሉ፤ የቴሌግራም ቻናሎቻችን «ግማሽ ዲንህን ሙላ» እያሉ ያስታውሱናል። ሸርጡን፣ ሩክኑን፣ ወሊይን፣ ምስክርን፣ መህርን አጥርተን እናውቃለን። ቁርኣን ቤት የተማርን ልጆች የኒካሕን ባብ በኪታብ ቀርተናል፤ ጥያቄ ቢቀርብልን ሳንንተባተብ እንመልሳለን። ነገር ግን ትምህርታችን ሁሉ ውሉ እስኪታሰር ድረስ ነው። ከታሰረ በኋላ ሰው ከሰው ጋር እንዴት እንደሚነጋገር፣ ሲከፋው እንዴት እንደሚናገር፣ ሲጨነቅ ጭንቀቱን በሌላው ላይ ሳይጭን እንዴት እንደሚያስታውቅ ማንም አላስተማረንም። በመንግሥት ትምህርት ቤትም አሥራ ሁለት ዓመት ስንቀመጥ ይህ በየትኛውም ክፍለ ጊዜ አልነበረም።

በቤታችንስ? ብዙዎቻችን ያደግነው አባትና እናት ፍቅራቸውን በአፍ በማያወሩበት ቤት ነው። አባታችን ከገበያ ሲመለስ ለእናታችን የሚያመጣው ነጠላ ወይም ስኳር ንግግሩ ነበር። እናታችን ስትከፋ ቡናውን ሳትጠራው ታፈላለች፤ እሱም ያን አይቶ ይገባዋል። ይህ የራሱ ቋንቋ ነበር፤ አንንቀውም። ነገር ግን ያ ቋንቋ የሚሠራው አንድ ጣሪያ ሥር፣ ፊት ለፊት፣ ለሃያ ዓመት አብሮ ለኖረ ሰው ነው። እኛ ግን ያንን ዝምታ ይዘን ወደ ስልክ ገባን። በስልክ ላይ ፊት አይታይም፤ የቡናው ጭስ አይሸትም። «እሺ» የምትለው አንዲት ቃል ደስታም፣ ኩርፊያም፣ ድካምም ልትሆን ትችላለች። አበው «ዝም አይነቅዝም» ይላሉ። ለምላስ ጥፋት ልክ ነው። በባልና ሚስት መካከል የተቀመጠ ዝምታ ግን ይነቅዛል፤ የሚነቅዘውም ከውስጥ ስለሆነ ቶሎ አይታይም።

ስለዚህ ቃል ሲጠፋን ቦታውን በክትትል እንሞላዋለን። «ናፍቀሽኛል» ማለት ስለሚከብደን «የት ነሽ?» እንላለን። «ፈርቻለሁ፣ እንዳላጣሽ ሰግቻለሁ» ማለት ውርደት ስለሚመስለን «ከማን ጋር ነበርሽ?» እንላለን። «ዛሬ ብቸኝነት ተሰምቶኛል» ማለት ስለማንችል አሥራ ሰባት ሚስኮል እናደርጋለን። ጥያቄው የመረጃ ጥያቄ ይመስላል፤ ከሥሩ ያለው ግን ሌላ ነው። የሚጠየቀው ሰው ደግሞ ከሥር ያለውን አይሰማም፤ የሚሰማው ምርመራውን ነው።

ኢንጂነሪንግ የምንማር ልጆች ላብራቶሪ ውስጥ መጀመሪያ ከሚያስጠነቅቁን ነገሮች አንዱ የመለኪያ ጫና ነው። የውስጥ ሬዚስታንሱ ትንሽ የሆነ ቮልቲሜትር ደካማ ሰርኪዩት ላይ ብታገናኝ፣ መለኪያው ራሱ ከሰርኪዩቱ ከረንት ይስባል፤ ቮልቴጁም ይወርዳል። ያነበብከው ቁጥር መለኪያው ከመምጣቱ በፊት የነበረው አይደለም። ሰውም እንዲሁ ነው። በየሰዓቱ የሚለካ ሰው እንደ ድሮው አይቆይም። ትንሽ ይደብቃል፣ ትንሽ ያሳምራል፣ ትንሽ ይዋሻል። በባሕርይው ዋሾ ስለሆነ አይደለም፤ እረፍት ፈልጎ ነው። ያች እህታችን ሕመሙን የደበቀችው ባሏን ስላላመነች አልነበረም፤ ማልቀሻ ቦታ ስላጣች ነበር።

ከዚያ ደግሞ ዙሩ ይጀምራል። አንዱ ሲጠይቅ ሌላው ይሸሻል፤ ሌላው ሲሸሽ የመጀመሪያው አብዝቶ ይጠይቃል። ይህንንም በኮንትሮል ሲስተም ኮርስ እናውቀዋለን። መልሱ ዘግይቶ የሚመጣ ሲስተም ላይ ጌይኑን ከልክ በላይ ብትጨምር አይረጋጋም፤ ይወዛወዛል። ሙቅና ቀዝቃዛ ውሃ የሚቀላቅል ሻወር ውስጥ የገባ ሰው ውሃው ቀዘቀዘብኝ ብሎ ሙቁን እስከ መጨረሻው ይከፍታል፤ ውሃው በቧንቧው ተጉዞ እስኪደርስ አይታገሥም፤ ሲደርስ ያቃጥለዋል፤ አሁን ደግሞ ቀዝቃዛውን እስከ መጨረሻው ይከፍታል። (በዶርማችን ሙቅ ውሃ ስለሌለ ምሳሌውን ያገኘነው ከመጽሐፍ ነው።) መፍትሔው ቧንቧውን ደጋግሞ ማዞር አይደለም። ትንሽ አዙሮ መጠበቅ ነው። ሰብር የሚባለው ይኸው ነው።

እስቲ አሁን ወደ ራሳችን ምንጭ እንመለስ።

አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱ ሩም 30፡21 ጥንዶችን የፈጠረልን ወደ እነሱ እንድንረጋ መሆኑን፣ በመካከላችንም መዋደድንና እዝነትን እንዳደረገ ይነግረናል። መርጋት የሚለውን እናስተውል። ኒካሕ የታሰረው ልብ እንዲያርፍበት ነው። ልብን በየአምስት ደቂቃው የሚያስደነግጥ ግንኙነት፣ ስሙ ሐላል ቢሆንም፣ የታሰበለትን ሥራ እየሠራ አይደለም። በሱረቱል በቀራህ 2፡187 ደግሞ ባልና ሚስት አንዱ ለሌላው ልብስ መሆናቸው ተገልጿል። ልብስ ይሸፍናል፣ ያሞቃል፣ ያስጌጣል። ልብስ ሲጠብ ግን መተንፈስ ይከለክላል፤ ስፌቱም ይተረተራል።

ክትትልን በተመለከተ ሱረቱል ሑጁራት 49፡12 መጥፎ ጥርጣሬን ማብዛትንም፣ የሰውን ነውር መሰለልንም ይከለክላል። ይህ አያህ የወረደው ለጎረቤት ብቻ አይደለም፤ የትዳር ጓደኛም ሙእሚን ነው። ከዚህ የበለጠ ለእኛ ጉዳይ ቅርብ የሆነው ግን ጃቢር (ረ.ዐ) ያወሩት፣ ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡት ሐዲሥ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ርቆ የቆየ መንገደኛ ሳያስታውቅ በሌሊት ቤተሰቡ ላይ ድንገት እንዳይገባ ከልክለዋል። በሙስሊም ዘገባ ውስጥ ምክንያቱም አብሮ ተነግሯል፤ ቤተሰቡን እየተጠራጠረ ወይም ጥፋታቸውን እያሰሰ እንዳይሆን ነው። በሌላ ዘገባ ደግሞ ሴቲቱ ፀጉሯን አበጥራ፣ ተዘጋጅታ እንድትቀበለው ጊዜ እንዲሰጣት ተብሏል።

ወንድማችን ይህን ሐዲሥ ያውቀው ነበር። ኡስታዛችን በደርስ ላይ ሲያነቡት አብሮን ተቀምጦ ሰምቷል። ነገር ግን ስለ ግመልና ስለ በረሃ የተነገረ መስሎት ነበር። አውቶቡስ ተሳፍሮ ሳያስታውቅ የግቢ በር ላይ መቆም ያው እንደሆነ፣ ለሊት ስምንት ሰዓት ላይ «ኦንላይን ነሽ፣ ለምን አልተኛሽም?» ብሎ መጻፍም የዚያው ታናሽ ወንድም እንደሆነ ያኔ አልታየውም። ለእኛም አልታየንም ነበር።

ማወቅንስ ከፈለግን? መልካም ነው፤ ረሱላችን (ሰ.ዐ.ወ) የቤታቸውን ሰው ያውቁ ነበር። በቡኻሪና በሙስሊም እንደተዘገበው፣ እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) በእሳቸው ላይ ሲደሰቱም ሲቆጡም ነቢዩ ለይተው እንደሚያውቁ ነግረዋቸዋል። እንዴት ሲሏቸው፣ ደስ ሲላቸው በሙሐመድ ጌታ፣ ሲቆጡ ደግሞ በኢብራሂም ጌታ እንደሚምሉ አስታወሷቸው። ዓኢሻም እውነት መሆኑን አምነው፣ ቢቆጡም የሚተዉት ስማቸውን ብቻ እንደሆነ መለሱ። ይህን ዘገባ ቀስ ብለን እናንብበው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ይህን ያወቁት ተከታትለው ወይም ሰው ጠይቀው አይደለም፤ ሲናገሩ አዳምጠው ነው። ደግሞም ያወቁትን ለወቀሳ አልተጠቀሙበትም፤ ተነጋገሩበት። ሚስት የመቆጣት ቦታ ነበራት፤ ቁጣዋም ፍቅሯን አላፈረሰውም።

ስለ ማዳመጥ ደግሞ የኡሙ ዘርዕ ሐዲሥ አለ። ዓኢሻ (ረ.ዐ) ስለ አሥራ አንድ ሴቶችና ስለ ባሎቻቸው ረጅም ወሬ ይተርካሉ፤ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እስከ መጨረሻው ያዳምጣሉ፤ በመጨረሻም ከወሬው ውስጥ ለሚስታቸው የሚያስደስት ቃል ይመልሳሉ። የአንድ ኡማ ኃላፊነት የተሸከሙ ሰው ለዚህ ጊዜ ነበራቸው። እኛ ደግሞ በቀን ሠላሳ ጊዜ እየደወልን፣ አንዱንም ጥሪ እስከ መጨረሻው አናዳምጥም።

ማማከርም አለ። በስድስተኛው ዓመተ ሂጅራ፣ በሑደይቢያህ፣ ሶሓቦች ከሐዘናቸው ብዛት የታዘዙትን መሥዋዕት ማረድና ፀጉር መላጨት ባዘገዩ ጊዜ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ወደ እናታችን ኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ) ድንኳን ገብተው የገጠማቸውን ነገሯቸው። እሳቸውም ማንንም ሳያነጋግሩ ወጥተው የራሳቸውን እንዲያርዱና እንዲላጩ መከሯቸው። እንዳሉት አደረጉ፤ ሰዉም ተከተለ። የከበዳቸውን ነገር ለሚስታቸው መናገር ክብራቸውን አልቀነሰውም። ከእኛ መካከል «ወንድ ልጅ ጭንቀቱን አያወራም» እየተባለ ያደገ ሁሉ ይህን ያስታውስ። ልጃቸው ኢብራሂም ሲሞት ዓይናቸው በሰው ፊት ማንባቱም በቡኻሪ ተዘግቧል።

አሁን ወደ ፍቅርና መከተል እንምጣ። አንዳንዶቻችን «ይህን ያህል የምከተላት ስለምወዳት ነው» እንላለን። የሙጊሥንና የበሪራን ታሪክ እናስታውስ። በሪራ ከባርነት ነፃ በወጡ ጊዜ ከባላቸው ጋር የመቆየት ወይም የመለየት ምርጫ ተሰጣቸው፤ መለየትን መረጡ። ሙጊሥ ግን እንባቸው ጺማቸው ላይ እየወረደ በመዲና መንገድ ከኋላቸው ይከተሏቸው ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አዝነውላቸው በሪራን ብትመለሺ አሏቸው። እሳቸውም ትእዛዝ እንደሆነ ጠየቁ። ነቢዩ ምልጃ ብቻ መሆኑን ሲገልጹላቸው፣ እንደማይፈልጉ ተናገሩ። በዚያው አበቃ። ቡኻሪ ዘግቦታል። የሙጊሥ ፍቅር እውነተኛ ነበር፤ ማንም አላፌዘበትም። ነገር ግን የእንባው ብዛት የበሪራን መብት አልሻረውም። የኛ ፍቅር ብዛት በሌላው ላይ የምንጽፈው ዕዳ አይደለም።

እዚህ ላይ «ገይራስ? የማይቀና ወንድ ምን ወንድ ነው?» የሚል ወንድም እንደሚኖር እናውቃለን፤ ምክንያቱም በዶርማችን ውስጥም ተነሥቷል። መልሱ በሐዲሥ ውስጥ አለ። አቡ ዳውድ በዘገቡት መሠረት፣ አላህ የሚወደው ገይራም፣ የሚጠላው ገይራም አለ። የሚወደው በቂ የጥርጣሬ ምክንያት ባለበት ቦታ የሆነው ነው፤ የሚጠላው ምንም ምክንያት በሌለበት የሆነው ነው። «ለአርባ ደቂቃ አልመለሰችም» ምክንያት አይደለም። ኔትወርክ የሚባል ነገር አለ፤ ክላስ አለ፤ እንቅልፍ አለ፤ ሰው ዝም ብሎ መቀመጥም ይፈልጋል።

ነገሩ የወንዶች ብቻ እንዳይመስል። እህቶቻችን ራሳቸው ነግረውናል፤ ባሏ ኢንተርንሺፕ ወጥቶ ፕሮጀክት ሳይት ላይ ሲውል፣ «ረሳኸኝ» እያለች በየዕረፍቱ ቪዲዮ ካላበራህ የምትል፣ የስልኩን ፓስወርድ የፍቅር ማረጋገጫ አድርጋ የምትጠይቅ አለች። ኩርፊያን እንደ ቋንቋ የምትጠቀምም አለች። «ምን ሆንሽ?» ሲላት «ምንም»፤ ከዚያ «ሳልነግርህ መረዳት ነበረብህ»። እህቶች ሆይ፣ የልብን የሚያውቅ አላህ ብቻ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም።

ለታጨና ገና ኒካሕ ላላሰረ ደግሞ ነገሩ ከዚህ ይጠብቃል። እጮኝነት ተስፋ ነው፤ መብት አይደለም። ከእጮኛው ጋር የሚኖረው ንግግር ቤተሰብ በሚያውቀው፣ በአደብና በልክ ይሁን ማለት ሁላችንም የተማርነው ነው። ገና ያልታሰረ ሰው «ከማን ጋር ነሽ? ስልክሽን ስጪኝ» የማለት ሥልጣን ከየትም አላገኘም። በዚያ ጊዜ ማጥናት ያለብን እርስ በርስ መግባባት እንችል እንደሆነ ነው። አሁን ተቆጣጣሪ የሆነ ሰው ሲያገባ ይተወዋል ብሎ ማሰብ ራስን ማታለል ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አጥብቀን መናገር እንፈልጋለን። ክትትሉ ወደ ስድብ፣ ወደ ማስፈራራት፣ ስልክ ወደ መንጠቅ፣ ወደ መምታት ከተሻገረ፣ ያኔ «ፍቅሩ በዝቶ ነው» አይባልም። ስሙ ዙልም ነው። በዚህ ውስጥ ያለች እህት ወይም ያለ ወንድም ሰብር በሚል ስም ብቻውን ሊሸከመው አይገባም፤ ለቤተሰብ፣ ለሚያምኑት ኡስታዝ፣ ካስፈለገም ለሕግ ይነገር። ጓደኛም አይቶ እንዳላየ አይለፍ።

ታዲያ ምን እናድርግ? እኛ አላገባንም፤ አብዛኞቻችን የምንናገረው ካየነውና ከጠየቅነው ነው። ያገቡ ታላላቆቻችንን አነጋግረን፣ ከወንድማችን ታሪክም ተምረን፣ የሚከተሉትን እንጠቁማለን።

አንደኛ፣ የመነጋገሪያ ሰዓት ይኑር። ለምሳሌ ከዒሻ በኋላ ግማሽ ሰዓት። ያ ሰዓት ሙሉ ይሁን፤ ስልኩን ይዞ ሌላ ነገር ሳይነካኩ። የቀረው ቀን የየራስ ነው። ሰልማን (ረ.ዐ) ለአቡ ደርዳእ (ረ.ዐ) ጌታህም፣ ነፍስህም፣ ቤተሰብህም በአንተ ላይ ሐቅ አላቸውና ለየባለቤቱ ሐቁን ስጥ ብለው ሲመክሯቸው፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እውነት ተናግሯል ብለው አጽድቀውታል። ትምህርትም ሐቅ አለው። የተተወው የሚድ ፈተና የማንን ሐቅ ጠበቀ?

ሁለተኛ፣ ከመጠየቅ በፊት መናገር። «ለምን አልደወልሽም?» ከማለት «ድምፅሽን ሳልሰማ ስውል ይከብደኛል» ማለት። የመጀመሪያው ክስ ነው፣ መልሱም መከላከያ ይሆናል። ሁለተኛው ልብን መክፈት ነው፣ መልሱም አብዛኛውን ጊዜ ልብ ነው። ወንድማችን ይህን ሲሞክር መጀመሪያ ላይ አፉ እንደተሳሰረ ነግሮናል። ቆይቶ ግን ቀለለው።

ሦስተኛ፣ በጽሑፍ አንጣላ። የተቆጣ ሰው ይደውል ወይም ይቆይ። መቆየት ከፈለገ ግን ይናገር፦ «አሁን ተቆጥቻለሁ፤ ከመግሪብ በኋላ እንነጋገር።» በዚህ ዓይነት የተነገረ ዝምታና ስልክን ዘግቶ መጥፋት አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው እረፍት ነው፤ ሁለተኛው ቅጣት ነው። ያች እህታችን ካረመችን ሁለት ቦታዎች አንዱ ይህ ነው፤ «እኔም ሳልናገር መዝጋቴ ልክ አልነበረም፣ ይህንንም ጻፉ» አለችን።

አራተኛ፣ ፓስወርድ አንጠያየቅ። መታመን ያለበት ሰው በፓስወርድ አይታመንም፤ መክዳት የፈለገንም ፓስወርድ አያግደውም። «ላስት ሲን» የሚያሳስበው ሰው ከዚህ ይልቅ ቻቱን ዘግቶ ሁለት ረከዓ ይስገድ፤ ከወስዋስ በአላህ ይጠበቅ።

አምስተኛ፣ ሳይበላሽ ሽማግሌ። ሱረቱ ኒሳእ 4፡35 መለያየት በተፈራ ጊዜ ከሁለቱም ቤተሰብ አስታራቂ እንዲላክ ያዛል። በተፈራ ጊዜ ነው የተባለው። እኛ አገር ሽማግሌ ለመጠየቅ ሲሄድ ሦስት አራት ሆኖ ይሄዳል፤ ከተጣላን በኋላ ግን ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደጅ እስኪደርስ ማንም አይጠራም።

ለጀመዓችን አመራርም አንድ ጥያቄ አለን። በሚቀጥለው ሴሚስተር ስለ ኒካሕ ደርስ ሲዘጋጅ፣ ከሁክሙ ጎን አንድ ቀን ለኑሮው ይሰጥልን። አምስት ዓመት፣ አሥር ዓመት በትዳር የቆዩ አባትና እናት ተጋብዘው፣ ወንዶቹ በወንዶች፣ ሴቶቹ በሴቶች በኩል፣ «መጀመሪያ ዓመት ላይ ምን አስቸገራችሁ? እንዴት ተነጋገራችሁበት?» ብለን እንጠይቃቸው። ግጥምና ነሺዳ አስደስቶናል፤ ይህ ደግሞ ይጠቅመናል።

ወንድማችንና እህታችን ምን ሆኑ? ያን ዓርብ ማታ እሷ ወደ ዶርሟ ተመለሰች፣ እሱ አንድ ዘመዱ ዘንድ አደረ። ነገሩ ቤተሰብ ጆሮ ደረሰ። የሷ አጎት «ሠርጉ ይቆይ፣ ልጃችን ትረፍ» አሉ፤ የሱ አባት ተቆጡ፤ ኒካሑ ሊፈርስ ጥቂት ቀርቶት ነበር። ከዚያ ግን ከሁለቱም ወገን ሁለት ታላላቅ ሰዎች ተቀምጠው ልጆቹን ለየብቻ፣ ቀጥሎም አንድ ላይ አዳመጡ። ሰዓት ተወሰነላቸው። አያትየው አሁን ትንሽ ተሽሏቸዋል፣ አልሐምዱሊላህ። የሠርጉ ቀን ገና አልተቆረጠም፤ ነገሩ ሙሉ በሙሉ አልተስተካከለም፤ እኛም ተስተካክሏል ብለን አንዋሻችሁም። የሚድ ፈተናውም ኤፍ ሆኖበት ቀርቷል።

ግን ባለፈው ሳምንት አንድ ነገር አየን። ከዒሻ በኋላ ከመስጊድ ስንመለስ ስልኩን አውጥቶ ደወለ። እንደ ወትሮው «የት ነሽ?» ይላል ብለን ጠበቅን። «እንዴት ዋልሽ? እማማስ እንዴት ዋሉ?» አለ። ከዚያ ዝም አለ። እኛ ራት በልተን ስንመለስም አሁንም ዝም ብሎ ስልኩን ጆሮው ላይ እንደያዘ፣ ደረጃው ላይ ተቀምጦ እያዳመጠ ነበር።

አላህ በመካከላቸው መዋደድንና እዝነትን ያብዛ። ለእኛም ላላገባነው፣ የምናዳምጠውንና የሚያዳምጠንን ይወፍቀን። አሚን።

ወሏሁ አዕለም። ወሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።